የፎሶሊያ ቡቃያ ቢጫ ሲሆን፦ ዩሪያ ከመጨመራችሁ በፊት አንዱን ነቅላችሁ እዩ

ፍኖተ ሰላም ከገባን በኋላ ጓሮ ውስጥ መጀመሪያ የዘራሁት ፎሶሊያ ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው የዘራሁት። በሳምንቱ በቀለ። ሦስት ሳምንት ሲሞላው ግን ከታች ጀምሮ ይገረጣ ጀመር። ደነገጥኩ። ከጎረቤት አንድ ኩባያ ዩሪያ ለምኜ በየሥሩ በተንኩበት። በአምስተኛው ቀን ግማሹ ደረቀ።

እናቴ ከደንበጫ ልትጠይቀን ስትመጣ መደቡን አየችው። ምንም ሳትናገር ጎንበስ አለችና አንዱን ቡቃያ ነቀለች። ሥሩ ቡናማ ሆኗል፣ ሲነኩት ይላላጣል። ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደድ አድርጋ አወጣች። ጉድጓዱ ወዲያው ውኃ ቋጠረ። «አንቺ ልጅ፣ ይኼ እኮ አልራበውም፤ ታፍኖ ነው» አለችኝ።

ቢጫ ቅጠል ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ረሃብ፣ ውኃ መብዛት፣ ትል፣ አሲዳማ አፈር፣ ብርድ፣ ሌላው ቀርቶ የጎረቤት የአረም መድኃኒት። ሁሉም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው፤ አንዳንዱ እንዲያውም የሌላውን ያባብሳል። ስለዚህ ከታች የምጽፈው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ነው የሚያጠነጥነው፦ መጀመሪያ ቅጠሉን ማንበብ፣ ቀጥሎ ሥሩን ማየት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የሆነ ነገር መጨመር።

ከመጀመሬ በፊት ስሙን እናጥራ። ፎሶሊያ የምንለው በእሸቱ የምንቀቅለው፣ ቦሎቄ የምንለው ደግሞ ፍሬው ደርቆ የሚሰበሰበው ነው። ተክሉ ግን አንድ ነው። በእኛ አገር በቆሎ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣው አደንጓሬም የቅርብ ዘመዳቸው ነው። እዚህ የተጻፈው ለሦስቱም ይሆናል። ባቄላ ግን ሌላ ተክል ነው። ባቄላ ብርድ ይወዳል፣ እነዚህ ብርድ አይወዱም። ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ይጠቅመናል።

እርምጃ አንድ፦ መጨነቅ የሌለባችሁን ለዩ

ፎሶሊያ ሲበቅል የዘሩን ሁለት ክኮች ከአፈር በላይ ይዟቸው ይወጣል። ቡቃያው መጀመሪያ የሚበላው እነሱን ነው። ስንቁ ሲያልቅ ክኮቹ ቢጫ ይሆናሉ፣ ይጨማደዳሉ፣ ይወድቃሉ። ይህ በሽታ አይደለም።

ከክኮቹ ቀጥለው ሁለት ልብ የሚመስሉ ቅጠሎች ይወጣሉ። ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ቅጠል ሁሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የሚበቅለው። ተክሉ አድጎ ሦስት ሦስት ቅጠሎቹ ከበዙ በኋላ የታችኞቹ ሁለቱ ቢገረጡ፣ የላይኛው ግን አረንጓዴና ጠንካራ ከሆነ፣ ተዉት። አርጅተው ነው።

አሳሳቢ የሚሆነው ገና በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት፣ ተክሉ ከጣት በላይ ሳይረዝም ቢጫ ሲሆን ነው። ወይም ደግሞ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ራሱ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ።

እርምጃ ሁለት፦ ቢጫው ከየት ነው የጀመረው?

ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ መደቡ አጠገብ ቁጭ በሉ። ቁጭ በሉ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ቆሞ ማየት ያታልላል። መጀመሪያ የምታዩት ከታች ነው ወይስ ከላይ የሚለውን ነው።

የታችኛው ቅጠል ሙሉ በሙሉ፣ ጅማቱ ሳይቀር፣ እኩል ገርጥቶ የላይኛው ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ከሆነ፣ ናይትሮጂን አጥሮታል ብላችሁ ጠርጥሩ። ተክሉ ናይትሮጂን ሲያጣ ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ወደ አዲሱ ይወስዳል። ለዚህ ነው ከታች የሚጀምረው።

አሮጌው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ በጅማቶቹ መካከል ያለው ብቻ ቢጫ ከሆነ ማግኒዥየም ሊሆን ይችላል። የቅጠሉ ጠርዝ ብቻ ቢጫ ሆኖ ኋላ ቡናማ ከሆነ ፖታሲየም ነው።

ከላይ፣ አዲሱ ቅጠል ላይ ጅማቱ አረንጓዴ፣ መካከሉ ግን ነጭ እስኪመስል ድረስ ቢጫ ከሆነ የብረት እጥረት ነው። የእኛ ቀይ አፈር ብረት ሞልቶታል። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ ይህን ምልክት ስታዩ መጀመሪያ ራሳችሁን የምትጠይቁት «አመድ የምደፋው የት ነበር?» ብላችሁ ነው። እመለስበታለሁ።

ቢጫው ከአረንጓዴ ጋር ተዥጎርጉሮ፣ ቅጠሉም ከተሸበሸበ ወይም ወደ ታች ከተጠቀለለ ቫይረስ ነው።

ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኖ በእያንዳንዱ ቡናማ ነጥብ ዙሪያ ቢጫ ቀለበት ካለ ደግሞ የቅጠል በሽታ ነው።

ቀጥሎ መደቡን በሙሉ እዩት። ቢጫው መደቡን እኩል ሸፍኖታል? ወይስ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ብቻ ነው? በባሕር ዛፉ በኩል ያለው ረድፍ ብቻ ነው? ወይስ እዚህም እዚያም አንድ አንድ ተክል እየመረጠ ነው? ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ከሆነ ውኃ ነው። እየመረጠ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ትል ወይም ከዘሩ የመጣ በሽታ ነው። በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ጎን የመጣ ነገር አለ፤ የዛፍ ሥር ወይም የተረጨ መድኃኒት።

እርምጃ ሦስት፦ አንዱን ንቀሉ

ሰው ይህን ማድረግ ይሳሳል። አንድ ቡቃያ መሥዋዕት ማድረግ ግን መደቡን በሙሉ ሊያድን ይችላል። እንዲያውም ሁለት ብትነቅሉ ይሻላል፤ አንድ የታመመ፣ አንድ ደህና። ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነቱ ወዲያው ይገለጣል።

በእጃችሁ ጎትታችሁ አትንቀሉት። ጎትታችሁ ካወጣችሁት ልታዩት የፈለጋችሁት ነገር አፈሩ ውስጥ ይቀራል። በመኮትኮቻ ዙሪያውን አንድ ስንዝር ያህል ርቃችሁ ቆፍሩ፣ ከነአፈሩ አንሡት፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውኃ አድርጋችሁ ነክሩት። አፈሩ ራሱ ይለቃል።

አሁን ሦስት ነገር ታያላችሁ።

መጀመሪያ የሥሩን ቀለም። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ክሬም መሰል ነው፤ ቅርንጫፍም ይበዛዋል። ቡናማ ሆኖ ቆዳው የሚላላጥ ከሆነ በስብሷል።

ሁለተኛ፣ ከአፈር በታችና በላይ የሚገናኝበትን የግንዱን ክፍል። አብጧል? ተሰንጥቋል? ቀይ ቡናማ ቁስል አለው? በጥፍራችሁ ቆዳውን ገፈፍ አድርጉና ውስጡን እዩ።

ሦስተኛ፣ ሥሩ ላይ የተለጠፉ ትንንሽ እንክብሎችን። ባለሙያዎቹ ኖዱል ይሏቸዋል። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ በሽታ መስለውኝ ነበር፤ ብዙ ሰውም እንደዚያ ያስባል። የፎሶሊያው ማዳበሪያ ፋብሪካ ግን እነሱ ናቸው። አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ እየሠራ አይደለም።

እነዚህን ሦስቱን ካያችሁ በኋላ ችግሩ ከሞላ ጎደል ይታወቃል። አሁን አንድ በአንድ ልሂድባቸው።

ውኃ ሲበዛ

በክረምት የማየው ቢጫ አብዛኛው ይህ ነው። ሥር ይተነፍሳል። አፈሩ ቀዳዳው ሁሉ ውኃ ሲሞላ ኦክሲጅን ያጣል፤ ሥሩ ይዳከማል፣ ምግብ መሳብ ያቆማል። ቅጠሉም ምግብ ስላልደረሰው ቢጫ ይሆናል። አንዳንዴ እንዲያውም ይጠወልጋል። ውኃ ውስጥ ቆሞ ሲጠወልግ ያየ ሰው ውኃ የጠማው መስሎት ይጨምርበታል። እኔ ዩሪያ የጨመርኩትም እንደዚያው ነበር፤ መብላት ላልቻለ ሥር ምግብ መደርደር። የታመመው ሥር ዩሪያውን አልቻለውም።

በታፈነ አፈር ላይ ደግሞ የሥር አበስባሽ ሻጋታዎች ይበረታሉ። ቡቃያው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ ይወድቃል።

ቢቸና፣ ደጀን፣ እነማይ አካባቢ ዋልካ አፈር ላይ ያላችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ዋልካ ሲረጥብ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አባቶቻችን ማሳ ላይ ፈሰስ (የውኃ ማውረጃ ቦይ) የሚያወጡት ለዚህ ነው። ጓሮ ላይ ግን ፈሰስ ማውጣት እንረሳለን። ቦታው ትንሽ ስለሆነ ውኃው አይተኛበትም ብለን እናስባለን። ትንሽ ስለሆነ ነው የሚብሰው፤ የጣራው ቆርቆሮ ውኃ ሳይቀር የሚወርደው እዚያው ነው።

አሁን ቢጫ ሆኖ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። ውኃ ማጠጣት አቁሙ። በመደቡ ዙሪያ ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ያህል የሆነ ቦይ አውጡና ወደ ዝቅተኛው ቦታ ውኃውን ምሩት። የላይኛውን አፈር ሥሩን ሳትነኩ በትንሹ ፈልፍሉት፣ አየር ይግባበት። ግንዱ ሥር ደረቅ አፈር ከፍ አድርጋችሁ ክመሩ። ከተከመረው አፈር ውስጥ አዲስ ሥር ያወጣል። በዚህ ጊዜ ምንም ማዳበሪያ አትጨምሩ። በሳምንት ውስጥ አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ ተርፏል ማለት ነው። ቢጫ የሆነው አሮጌ ቅጠል ግን ወደ አረንጓዴ ላይመለስ ይችላል፤ እሱን አትጠብቁ። የምትጠብቁት አዲሱን ነው።

ለሚቀጥለው ደግሞ ከመሬት 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ።

በበጋ በመስኖ የምትዘሩ፣ ለምሳሌ መራዊ አካባቢ በቆጋ ውኃ፣ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ተራ ደርሷችሁ ውኃ ሲለቀቅ እስኪጠግብ እናጠጣው የሚል ሐሳብ ይመጣል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥብ ከሆነ ያ ውኃ ለሌላ መደብ ይሂድ።

ሲርበው

ሥሩ ነጭ ነው፣ ግንዱ ደህና ነው፣ አፈሩ አልጨቀየም፣ ቢጫው ከታች ጀምሯል። ይህ ረሃብ ነው።

ፎሶሊያ ናይትሮጂን ከአየር ወስዶ ይጠቀማል ሲባል ሰምታችኋል። እውነት ነው። ግን ብቻውን አይችልም። ሪዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሥሩ ውስጥ ገብተው ኖዱሎቹን ሲሠሩ ነው የሚችለው። እነሱ እስኪደራጁ ደግሞ ከበቀለ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። በመካከሉ የክኩ ስንቅ ያልቃል። ስለዚህ ደካማ አፈር ላይ ቡቃያው ለጥቂት ቀናት ይራባል፤ ገረጣ ይላል። አፈሩ ደህና ከሆነ ራሱ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የባቄላ ባክቴሪያና የፎሶሊያ ባክቴሪያ አንድ አይደሉም። ጓሯችሁ ላይ ለዓመታት ባቄላና አተር ሲዘራ ቢኖር እንኳ የፎሶሊያው ላይኖር ይችላል። የሥሩን እንክብል ፈልጋችሁ ካጣችሁ፣ ተክሉ ወር ሞልቶት ባዶ ከሆነ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እናቴ አደንጓሬ አዲስ ቦታ ላይ ስትዘራ፣ አምና ጥሩ ካፈራው ቦታ አንድ ቅርጫት አፈር ታመጣና ትበትንበት ነበር። «መሬቱ ይተዋወቅ» ትላለች። ስለ ባክቴሪያ ሰምታ አይደለም። ሥራው ግን ትክክል ነው፤ ያ አፈር የሚያስፈልጉትን ባክቴሪያዎች ይዟል። አንድ ጥንቃቄ ልጨምርበት፦ አፈሩ የሚመጣው ተክሉ ጤነኛ ከነበረበት ቦታ ብቻ ይሁን። ካልሆነ የሥር በሽታም አብሮ ይመጣል። በፓኬት የሚሸጥ ለቦሎቄ የተዘጋጀ ባዮ ማዳበሪያም በአገራችን ይመረታል። ስትጠይቁ «የቦሎቄ» ብላችሁ ለዩ፤ የባቄላው አይሠራም። ዘሩ ላይ በጥላ ሥር ይለወሳል፣ በዚያው ቀን ይዘራል። ፀሐይ ይገድለዋል።

ለአሁኑ ረሃብ ደግሞ፦ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ካላችሁ በየተክሉ ዙሪያ ሁለት እፍኝ አድርጉና ከአፈር ጋር አዋህዱት። ከሌላችሁ ዩሪያ ይሆናል፤ በመጠኑ። በአንድ ሜትር ካሬ 5 ግራም፣ ማለትም ልሙጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል። ከግንዱ አራት ጣት ያህል አርቃችሁ ቀጭን ቦይ አውጡ፣ በትኑ፣ አፈር መልሱበት፣ ውኃ አጠጡ። ቅጠል ላይ እንዳያርፍ። ከዚህ በላይ ከጨመራችሁ ተክሉ ቅጠል በቅጠል ይሆናል፤ ኖዱል መሥራቱንም ይተዋል። የተዘጋጀ ምግብ ካገኘ ለምን ይለፋል?

ያልበሰለ እበት ግን አታድርጉ፣ ሥሩን ያቃጥላል። ጭድ፣ ገለባ ወይም ሰጋቱራ አፈር ውስጥ ቀላቅላችሁ ከሆነም ቢጫው የመጣው ከዚያ ሊሆን ይችላል። ጭዱ ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጂን ይሻማል። ጭድ ከላይ ይነጠፋል እንጂ ከመዝራት በፊት አፈር ውስጥ አይቀበርም።

አፈሩ ራሱ አሲዳማ ሲሆን

ኮምፖስቱም ገብቷል፣ ውኃውም ተስተካክሏል፣ ተክሉ ግን ድንክ ሆኖ ቀርቷል፣ ቢጫውም አልለቀቀውም። ሥሩ አጭርና ወፍራም ነው፣ ቅርንጫፍ የለውም። ኖዱሉ ወይ የለም ወይ ውስጡ ነጭ ነው። እንዲህ ከሆነ ጎጃም ውስጥ ላለ ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ጥርጣሬ አሲዳማ አፈር ነው።

አዊ፣ ምዕራብ ጎጃም፣ ከምሥራቅ ጎጃምም ማቻከልና ጎዛምን የመሳሰሉት ደጋማ ቀይ አፈሮች ለዘመናት ዝናብ አጥቧቸዋል። ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ታጥቦ ሄዷል። ፎሶሊያ የአፈሩ ፒ ኤች (የአሲድነቱ መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ6 እስከ 7 ሲሆን ደስ ይለዋል። ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይመርዘዋል። ፎስፈረሱም ይታሰራል። ባክቴሪያዎቹም ይዳከማሉ። ስለዚህ ማዳበሪያ ብትጨምሩም ተክሉ አይበላውም።

አንድ የአገራችን ምልክት ልንገራችሁ። ሌላ እህል እንቢ ያለበት መሬት ላይ ግብጦ እንዘራለን። ግብጦ አሲዳማና ደካማ አፈር ይችላል። ጓሯችሁ ወይም አጠገቡ ያለው ማሳ «ከግብጦ በቀር አይሆንም» የሚባል ከሆነ፣ ፎሶሊያ እዚያ ላይ ያለ ኖራ አትሞክሩ።

እርግጠኛ ለመሆን አፈሩ መመርመር አለበት። ከመደቡ ከአምስት ስድስት ቦታ፣ ከላይ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ትንሽ ትንሽ አፈር ውሰዱ፣ አደባልቁት፣ በጥላ አድርቁት። ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ለቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ አሳዩት፤ አፈር የሚመረመርበትን ቦታ ይጠቁማችኋል።

አሲዳማ ሆኖ ከተገኘ መድኃኒቱ የግብርና ኖራ ነው። መጠኑ በምርመራው ይወሰናል። ለግምት ያህል በሄክታር 20 ኩንታል ቢታዘዝላችሁ፣ በአንድ ሜትር ካሬ 200 ግራም ማለት ነው። ኖራው ከመዝራት በፊት ቢያንስ ወር ሲቀረው ይበተናል፣ ከአፈር ጋር በደንብ ይዋሐዳል። አሁን ቢጫ ለሆነው ቡቃያ አይደርስለትም፤ ይህን አምናችሁ ለሚቀጥለው ተዘጋጁ። የቤት ቀለም የምንቀባበት ኖራ ሌላ ነው፤ ይፋጃል፣ ቡቃያ አጠገብ አታድርሱት።

የእንጨት አመድም አሲድ ይቀንሳል፣ ፖታሲየምም አለው። በአንድ ሜትር ካሬ ሁለት እፍኝ፣ በዓመት አንዴ። ከዩሪያ ጋር በአንድ ቀን አትበትኑት፤ ናይትሮጂኑ በጋዝ መልክ ይበናል።

አሁን ቅድም ያቆየሁት። ብዙ ቤት አመድ የሚደፋው በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከማድ ቤቱ ጀርባ። ዓመታት ሲያልፉ ያ ቦታ ጥቁርና ለም ይመስላል፣ ሰውም ፎሶሊያ ይዘራበታል። አፈሩ ግን በተቃራኒው ከልክ በላይ ወደ ኖራማነት ሄዷል። ብረቱ ይታሰራል። አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ፣ መካከሉ ቢጫ ሆኖ የሚወጣው እዚህ ነው። አመዱን አቁሙ፣ ብዙ ኮምፖስት ጨምሩ። ጎመን ወይም ቀይ ሥር ይሻለዋል ለጊዜው።

ትሉ ግንድ ውስጥ ሲሆን

ይህን ለይቼ የምጽፈው ብዙ ሰው ስለሚያልፈው ነው። ቅጠሉ ላይ ምንም ነፍሳት አይታይም። ማዳበሪያው በቂ ነው። ቡቃያዎቹ ግን በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ሳምንት አንድ በአንድ ቢጫ እየሆኑ ይደርቃሉ።

አጥፊው ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ጥቁር አብረቅራቂ ዝንብ ናት። እንቁላሏን በመጀመሪያዎቹ ልብ መሰል ቅጠሎች ላይ ትጥላለች። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ብታዩት የመርፌ ውጊ የመሰሉ ገርጣ ያሉ ነጥቦች አሉ። ትሉ ተፈልፍሎ በቅጠሉ አገዳ በኩል ወደ ግንዱ፣ ከዚያም ከቆዳው ሥር እየበላ ወደ ታች ይወርዳል። ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይሰፍራል። ግንዱ እዚያ ላይ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ቆዳውን በጥፍራችሁ ስትገፉት ቡናማ ወይም ጥቁር፣ የጤፍ ፍሬን ሁለት ሦስት እጥፍ የምታክል ኩብኩባ (ትሉ ዝንብ ከመሆኑ በፊት የሚያርፍበት ቅርፊት) ታገኛላችሁ።

አንዴ ግንዱ ውስጥ ከገባ ላዩ ላይ መርጨት እምብዛም አይረዳም። በጣም የደረቁትን ከነሥራቸው ንቀሉና አቃጥሉ። መደቡ ጥግ ላይ አትጣሉት፤ ዝንቧ ከዚያው ትወጣለች። ገና በሕይወት ያሉትን ደግሞ እስከ ልብ መሰል ቅጠሎቹ ድረስ እርጥብ አፈር ክመሩባቸው። ከቁስሉ በላይ አዲስ ሥር ያወጣሉ። በዚህ ዘዴ አምና ከመደቤ አብዛኛውን አተርፌያለሁ። ውኃና ትንሽ ኮምፖስትም አግዟቸው።

ለሚቀጥለው ጊዜ፣ ዝናቡ እንደያዘ ቶሎ ዝሩ፤ የዘገየ ቡቃያ ነው የበለጠ የሚጠቃው። ፎሶሊያን በፎሶሊያ ላይ አትደጋግሙ። ጉዳቱ በየዓመቱ የሚመላለስ ከሆነ ዘሩ ከመዘራቱ በፊት የሚታሽ መድኃኒት አለ። እሱን ግን ከባለሙያ ጋር ተማክራችሁ፣ በጓንት። በመድኃኒት የታሸ ዘር ለልጅም ለዶሮም ሞት ነው።

ክሽክሽ፣ ቫይረስና ሌሎቹ

ቅጠሉን ገልብጡ። ከሥሩ ተደርድረው የምታዩአቸው ጥቁር ወይም አረንጓዴ ለስላሳ ነፍሳት ክሽክሽ ናቸው። ጭማቂውን መጠው ያገረጡታል። ከዚያ የከፋው ግን ቫይረስ ማዛመታቸው ነው። የተዥጎረጎረና የተጠቀለለ ቅጠል ያለውን ተክል ንቀሉት። መድኃኒት የለውም፤ አዝናችሁ ካቆያችሁት ለሌላው ያጋባል። ክሽክሹን በሳሙና ውኃ እጠቡት፤ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ወደ ማታ፣ ከቅጠሉ ሥር። በበጋ ቅጠሉ ላይ አሸዋ የተነሰነሰ የመሰለ ደቃቅ ቢጫ ነጥብና ከሥሩ ቀጭን ድር ካያችሁ ቀይ ሸረሪት ነው። ቅጠሉን ከሥሩ ውኃ ርጩት፤ ድርቅ ስለሚወድ እርጥበት ያዳክመዋል።

ቡናማ ነጥብ ከቢጫ ቀለበት ጋር ሲሆን ባክቴሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዘሩ ጋር ይመጣል። የታመመውን ቅጠል ቁረጡና አርቁ። ቅጠሉ እርጥብ ሆኖ ሳለ መደቡ ውስጥ አትመላለሱ፤ በልብሳችሁ ታጋቡታላችሁ። ዝገት የመሰለ ዱቄት ጣታችሁ ላይ ከቀረ ደግሞ ዋግ ነው። ቡቃያ ላይ ግን ብዙም አይመጣም።

ጎረቤት ጤፍ ወይም ስንዴ ላይ ቱፎርዲ ሲረጭ

ባለፈው ሐምሌ በአጥሩ በኩል ያሉት ሁለት ረድፎች በሦስት ቀን ውስጥ ተጠማዘዙ። ቅጠሉ እንደ ስኒ ጎደጎደ፣ ጠበበ፣ ከዚያ ገረጣ። ከአጥሩ ማዶ ጤፍ ነበር፤ ነፋስ ባለበት ከሰዓት ተረጭቷል። ቱፎርዲ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ነው የሚገድለው። ፎሶሊያም ሰፊ ቅጠል ነው፤ መድኃኒቱ አይለየውም።

ጎረቤቴን ቡና ጠርቼ አሳየኋቸው። «ውይ ልጄ፣ ሳላውቅ ነው፤ ከእንግዲህ በማለዳ ነው የምረጨው» አሉኝ። ቃላቸውንም ጠበቁ። ንፋስ ሳይነሣ ማለዳ መርጨት ብዙ ያድናል።

ሌላው መንገድ መርጫው ራሱ ነው። የጀርባ መርጫ ተውሳችሁ ለክሽክሽ ልትረጩ ካሰባችሁ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደተረጨበት ጠይቁ። የቱፎርዲ ቅሪት ፎሶሊያን ለማበላሸት ትንሽ ይበቃዋል። የተሻለው ለጓሮ ብቻ የሚሆን አንዲት ትንሽ የእጅ መርጫ መያዝ ነው። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ተክሉ አዲስ ቅጠል ያወጣል፤ ውኃ ከመስጠት በቀር ምንም አታድርጉ።

ብርድ

ደብረ ማርቆስና ከዚያ በላይ፣ የጮቄ ተራራ ነፋስ በሚደርስበት ሁሉ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የተዘራ ፎሶሊያ ቢጫ ሆኖ ቢቆም አይግረማችሁ። አፈሩ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ዘሩም ይዘገያል፣ ሥሩም አይሠራም። ማታ ማታ በጭድ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ከላይ ሸፍኑት፣ ጠዋት ግለጡት። እዚያ አገር በበጋ መዝራት ካለባችሁ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ይሻላል።

መልሶ መዝራት

አንዳንዴ መደቡ አይድንም። ከግማሽ በላይ ከሞተ፣ የቀረውም በሳምንት ውስጥ አንድ አዲስ አረንጓዴ ቅጠል ካላወጣ፣ እንደገና ዝሩ። ፎሶሊያ በሁለት ወር ገደማ ለእሸት ስለሚደርስ ጊዜ አለው።

በረድፎቹ መካከል 40፣ በተክሎቹ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ተዉ። ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፤ አፈሩ ከባድ ከሆነ 3 ይበቃል። ከባሕር ዛፍ የምትችሉትን ያህል ራቁ፤ ውኃውንም ምግቡንም ይሻማል። ስትኮተኩቱ ከላይ ከላይ ይሁን፤ የፎሶሊያ ሥር ቅርብ ነው፣ በመኮትኮቻ የተቆረጠ ሥርም ቅጠልን ቢጫ ያደርጋል። ዘሩን ለቅማችሁ አውጡ፤ የተጨማደደ፣ ነጥብ ያለበት፣ በነቀዝ የተበሳ አይዘራ። ለዘር የምታስቀሩትንም ገና በማሳ ላይ ሳለ ምረጡት። አንድም ቀን ያልተዥጎረጎረ፣ ያልተሸበሸበ ተክል ፈልጉና ቀይ ክር እሰሩበት። እሸት ለመልቀም የሚገቡት ልጆች ክሩን ካዩ ያልፉታል፤ እሱ እዚያው ይደርቅ።